አማካሪው ምን ይፈልጋል?

ከድርጅት ሰው ጋር ጨዋታ አይጀመርም። ይህን የተማርኩት ካርቱም፣ ዴም ሰፈር በነበረው የኪራይ ቤታችን ውስጥ፣ ከገዛ አባቴ ነው።

ኢንተርኔት የተዘጋ ሰሞን ነበር። ወታደሮች ሥልጣን ይልቀቁ ብሎ በጦር ሠራዊቱ መሥሪያ ቤት ፊት ተቀምጦ የከረመው ሕዝብ በጥይት ተበትኖ ከተማው ጭር ብሏል። ቤት ተቀምጦ መነጫነጭ ሲሰለቸን፣ ሱዳናዊው ተማሪ ጎረቤታችን አንድ ጨዋታ አስተማረን። ተጫዋቹ በምናብ አገር ውስጥ አንድ ሰው ይሆናል፤ ጠንቋይ፣ ወታደር፣ የፈለገውን። መሪው ታሪኩን ይተርካል፤ ሌሎቹ ሰዎቻቸው የሚያደርጉትን ይናገራሉ፤ የሚያጠራጥረውን ብዙ ጎን ያላት የዕጣ ጠጠር ትወስናለች። መሪው እኔ ነበርኩ። ንጉሥ የሞተበት፣ ጄኔራሎች ቤተ መንግሥቱን የያዙበት፣ ከተራራው ጀርባ ዘንዶ የተኛበት አገር ፈጠርኩ። ለዘንዶው ብዙ ደክሜያለሁ። እስከ ዛሬ ማንም አላየውም።

ምክንያቱ አባቴ ነው። አዲስ አበባ ተማሪ ሳለ የአባቱን ቃል ጥሶ ሰልፍ የወጣ፣ በዚያው የፖለቲካ ድርጅት ውስጥ የገባ፣ ኋላም በእግሩ ድንበር ተሻግሮ የመጣ ሰው ነው። "እኔም ልጫወት" ሲለን ደስ ብሎን የጄኔራሎቹ አማካሪ አደረግነው። ምነው እጄን በቆረጠው! አርብ ከሰዓት ልንጫወት ስንቀመጥ ሁሉም ነገር አልቆ ይጠብቀኛል። ሳምንቱን ተማሪውን ለብቻ፣ እህቴን ለብቻ እየያዘ ሲያነጋግር ከርሟል። እኔ "ከጫካው ድምፅ ተሰማ" ስል፣ ተማሪው "ጠንቋዬ ወደ ጫካ አይሄድም፤ ከአባትህ ጋር ተነጋግረንበታል" ይለኛል። ዘንዶውን ባነሳ ደግሞ አባቴ "ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም" ብሎ ይስቅብኛል።

"አማካሪህ ግን ምን ይፈልጋል? ሥልጣን ነው? በቀል ነው?" እለዋለሁ። የጨዋታው ሕግ ነው፤ ማንም ሰው የሚፈልገው ነገር ሊኖረው ይገባል።

"አቋም እንጂ ፍላጎት የለውም" ይለኛል።

በዚያው ሰሞን ለእሑድ ትልቅ ሞከብ ተጠራ፤ ሰልፍን እዚያ እንዲያ ነው የሚሉት። እዚያው ካርቱም ተወልዳ ያደገችው ታናሽ እህቴ እወጣለሁ አለች። ሊተኮስ እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን። ብትያዝ ደግሞ የስደተኛ ልጅ ናት፣ ማን ይጠይቅላታል? እኔ ጮኽኩባት። አባቴ አንድ ቃል አልተነፈሰም። የባሰ ያናደደኝ የእሱ ዝምታ ነበር።

ከሞከቡ በፊት በነበረው አርብ ለጨዋታ ተቀመጥን። በእኔ ታሪክ ሕዝቡ የቤተ መንግሥቱን ግንብ ከቦ ቆሟል። የእህቴ ሰው የዘበኞች አለቃ ናት፤ ወርዳ ከሕዝቡ ጋር ልትቀላቀል ትችላለች።

"አለቃዋ አትወርድም" አለ አባቴ። "ተነጋግረንበታል።"

"ላ፣ አይደለም፣ ባባ" አለች እህቴ። "አንተ ነህ ያወራኸው። ሳምንቱን ሙሉ አወራኸኝ። እኔ እሺ አላልኩም። ኸላስ፣ በቃ!"

ትዕግሥቴ አለቀ። "ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅህ" አልኩት። "ይሄ አማካሪ ምን ይፈልጋል? አንዷን ዘበኛ ሳምንቱን ሙሉ ምን አድርጊ ብሎ ነው የሚያሳድዳት?"

አባቴ መነጽሩን አወለቀ።

"እንዳትሞት ነው የሚፈልገው" አለ።

ተማሪው አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ስለ ቤተ መንግሥት እያስመሰለ ሲለምናት የከረመው ስለ እሑድ ነበር። በግልጽ አትሂጂ እንዳይላት፣ እሱ ራሱ በልጅነቱ እምቢ ያለው ቃል ነው። አዘንኩለት፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። እንዲህ ብሎ ለመናገር ይሄ ሁሉ ጄኔራል ምን ያደርግለታል?

እህቴ ጠጠሯን አልጣለችም።

"አለቃዋ ትወርዳለች" አለች። "እኔም እሑድ እሄዳለሁ፣ ባባ። ማዓለሽ፣ ይቅር በለኝ።"

አባቴ እምቢ ይላል፣ ይቆጣል፣ ሌላ ስብሰባ ይጠራል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ወደ እግሯ አየ።

"በሸበጥ እንዳትሄጂ" አላት። "ስትሮጪ ይወልቅብሻል። ማሰሪያ ያለው ጫማ አድርጊ፤ ሁለቴ ቋጥሪው።"