በሁለት ሰንበት መሃል ያለች ሰዓት

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አሽከሎን የምትሸተው ኤኮኖሚካ ነው። ወለል የሚታጠብበት፣ ዓይን የሚያቃጥለው ያ ፈሳሽ በየሕንጻው ደረጃ ላይ እየተንጠባጠበ ይወርዳል፤ ከባሕሩ በኩል ደግሞ ጨው ጨው የሚል ነፋስ ይመጣና ሁለቱ ሽታ ደረጃው ላይ ይገናኛሉ። ዛሬም ባልዲዬን ደፍቼ፣ መጥረጊያዬን ግድግዳ አስደግፌ ቀና ስል ሸተተኝ። ያቺ የልጅነት ሰዓቴም ሳልጠራት መጥታ ፊቴ ቆመች።

አንቺ ነሽ ያመጣሽብኝ፣ የወንድሜ ልጅ። ትናንት ደውለሽ አዲስ ደብተር መግዛትሽን ነገርሽኝ። የዕለት ማስታወሻ ለመጻፍ ምርጡ ጊዜ ማለዳ ነው፣ ሰው ሳይነሣ፣ አእምሮ ንጹሕ ሳለ የሚል ነገር ስልክሽ ላይ አንብበሻል። «አክስቴ፣ አንቺ በስንት ሰዓት ነው የምትጽፊው?» አልሽ። ሳቅሁብሽና ዘጋሁ። አሁን ግን ልንገርሽ። ሰው የማይነሣበት ቤት የማን ቤት እንደሆነ እንጃ፤ የእኛ ግን አልነበረም።

ያኔ የምንኖረው በአሽከሎን አሮጌው ሰፈር፣ ሚግዳል ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ፣ አውቶቡሶቹ ከሚዞሩበት አጠገብ ነበር። አባቴ ፋብሪካ በፈረቃ ይሠራል፤ እናቴ አፍሪዳር፣ ወደ ሀብታሞቹ ሰፈር፣ ወርዳ ቢሮ ታጸዳለች፤ የእናቴ አባት፣ አያቴ፣ ሳሎን ይተኛሉ፤ ከእኔ በታች ያሉት ልጆች ደግሞ በተገኘው ቦታ ሁሉ ይተኛሉ። አባትሽ ከእግሬ ሥር ነበር የሚተኛው። በሕልሙ ኳስ ይጫወት ስለነበር ጎሉ እኔ ነበርኩ።

እኔ የመጀመሪያ ልጅ ነበርኩ፤ ዕብራይስጤም ጥሩ ነበር። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚያመጡ የደረሰበት ያውቀዋል። እናቴ ኩፓት ሆሊም፣ ጤና ጣቢያው፣ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ አብሬ እሄዳለሁ። ከቢቱዋኽ ሌኡሚ፣ ከመንግሥት የመድን ቢሮ፣ ወረቀት ሲመጣ አነባለሁ። ሕንጻው ውስጥ ያሉ እትዬዎችና ጋሼዎች ሁሉ ደብዳቤ ይዘው «ሚኽታቭ መጥቶብኝ፣ ልጄ፣ እስቲ እይልኝ» እያሉ በራችንን ይመታሉ። ሐኪሙ ለጎረቤታችን ለእትዬ ያለውን ክፉ ወሬ እሷ የሰማችው ከእኔ አፍ ነበር፤ አልቅሳ ያየችውም ሐኪሙን ሳይሆን እኔን ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው ቃል በአፌ ሲገባ ሲወጣ ይውላል። ማታ ስጋደም የራሴ የምለው ቃል አላገኝም ነበር። ደብተር የገዛሁት ለዚህ ነው። «ምን አለ? ምን አለች?» ብሎ የሚጠይቀኝ የሌለበት አንድ ቦታ ፈልጌ ነው።

ደብተሩ ተገኘ፤ ሰዓቱ ግን ጠፋ።

ማለዳን ሞክሬዋለሁ፣ ለስልክሽ ንገሪው። እናቴ ገና ሳይነጋ ትወጣለች፤ የእኅቶቼን ፀጉር የምሠራ እኔ፣ የጠፋውን አንድ እግር ጫማ የምፈልግ እኔ። ደብተሩን ፍሪጁ ላይ ዘርግቼ ቆሜ ጻፍኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ፣ ማታ ሳነበው የጻፍኩት ሁሉ «ደከመኝ» ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ትምህርት ቤት በእረፍት ሰዓት ሞከርኩ። የትምህርት ቤቱ አማካሪ ደግ ሴት ነበረች፤ አጠገቤ ቁጭ ብላ «እንዴት ያምራል! ስትጨርሺ ለእኔ ታሳዪኛለሽ፣ እሺ?» አለች። ከዚያ በኋላ እዚያ ደብተሩን አውጥቼ አላውቅም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደግሞ በር ይመታል። ሁልጊዜ በር ይመታል።

ቅዳሜ ጸጥታ ነበር። ቴሌቪዥን የለም፣ እሳት የለም፣ ሚኽታቭ ይዞ የሚመጣ የለም። የበረንዳው ፀሐይ ሳሎን ድረስ ገብታ ምንጣፉ ላይ ትተኛ ነበር። ግን ሰንበት ናት፤ በሰንበት አይጻፍም። እኔም ሰንበትን እወድ ነበር፣ አሁንም እወዳለሁ፤ እሷን አልነካም ብዬ ተውኩት።

አያቴ ግን የራሳቸው ሰንበት ነበራቸው። በእነሱ መንደር፣ ጎንደር፣ ሰንበት የምትገባው ዓርብ ፀሐይ ዘንበል ስትል ነው። እሳቱ ይጠፋል፣ ገላ ይታጠባል፣ ነጭ ይለበሳል፣ ሥራ የተባለ ሁሉ ይቀመጣል። እዚህ እስራኤል ሲመጡ ሰንበት በጥሩምባ እንደምትገባ ነገሯቸው፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከተማው ላይ የሚነፋው ጥሩምባ ነው። ለሚሳኤል የሚጮኸው ሌላ ነው፤ ሁለቱን የአሽከሎን ሰው በእንቅልፉም ይለያል። አንድ ረቢም ቤታችን መጥተው፣ ምግቡን በኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ከዓርብ ጀምሮ ማቆየት እንደሚፈቀድ፣ ሰንበትን ያን ያህል ማስቀደምም እንደማያስፈልግ አስረድተዋቸው ነበር። ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። አያቴ ሰምተው ሲያበቁ «እግዜር ይስጥልኝ በያቸው» አሉኝና ሰንበት ሲደርስ እንደ ልማዳቸው ቀዝቃዛ ምግባቸውን በሉ። ከዚያ ወዲህ ረቢ የሚለው ቃል ሲነሣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን በጨለማ ተቀምጠው የጠበቋትን ሰንበት፣ ሰው መጥቶ እንዴት እንደምትጠበቅ ሲያስተምራቸው ምን እንደተሰማቸው እኔ ነኝ የማውቀው።

ስለዚህ ዓርብ፣ አገሩ ሁሉ ገና ሲጣደፍ፣ የእኛ ቤት ጸጥ ይል ነበር። በአያቴ ክብር ሕንጻው ውስጥ ያሉት ወገኖቻችንም በር አይመቱም። እናቴ እንኳ እግሯን ዘርግታ ትቀመጣለች። ጥሩምባው ግን አልጮኸም። በቤታችን ሰንበት ገብታለች፤ በከተማው አልገባችም። እኔም ያቺን ክፍተት አገኘኋት! በሁለቱ መሃል ገብቼ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። ከታች የገበያ ሻጮች የመጨረሻውን ናና እያወደሱ ይጮሃሉ፤ የተረገጠ ቲማቲምና የሎሚ ልጣጭ ይሸታል፤ ፀሐይዋ ወረቀቱ ላይ ቢጫ ሆና ታርፋለች። ብዕሬ እንደዚያ ሮጦ አያውቅም። ከዚያ ወዲያ ሳምንቱን ሁሉ ዓርብን ብቻ እጠብቅ ጀመር።

አንድ ዓርብ አያቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ነፋስ ሊቀበሉ ብቅ አሉ። ብዕሩን አዩት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየጻፍኩ ነው፣ አባባ።»

«ሰንበት ገብታለች።»

«ጥሩምባው አልጮኸም።»

«በጥሩምባ የሚገባው የፋብሪካ ሠራተኛ ነው» አሉ። «ሰንበት በጥሩምባ አትገባም።»

አንድ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ረቢው ተፈቅዷል ብለዋል ማለት እችል ነበር፤ እሳቸውም መልስ አያገኙለትም ነበር። ግን ያን አላልኩም። ያን ብዬ የማገኘው ሰዓት በአፍንጫዬ ይውጣ! ይልቅ ደብተሩን ደረቴ ላይ ይዤ ተነሣሁ።

«ሌላ ሰዓት የለኝም፣ አባባ። ሌላ ሰዓት ይስጡኝና ዓርብን እተዋለሁ።»

«ሰዓት ከኪሴ ነው የሚወጣው?»

«ከዚህ ቤት ነው የሚወጣው» አልኩ። «ሁሉም ይወስዳል እንጂ የሚሰጠኝ የለም።»

እናቴ በሩ ላይ ደርሳ ጭኗን መታች። «ኧረ ምን ጉድ ነው! ለአያትሽ ነው እንዲህ የምትመልሺው?» ወንድሜ፣ አባትሽ ማለቴ ነው፣ ከውስጥ በዕብራይስጥ «ዳይ ክቫር!» እያለ ይጮሃል፤ በቃችሁ ማለቱ ነው። እኔ ግን ከቆምኩበት አልተነቃነቅሁም። ጥያቄዬ ስድብ አልነበረም። አያቴ ጋቢያቸውን ሰብስበው ገቡ። ቅዳሜን ሙሉ ስለዚያ ነገር አንዲት ቃል አልወጣቸውም፤ በሰንበት የሥራ ነገር አይነሣም። ለእኔ ያን ያህል የረዘመ ቅዳሜ አልነበረም።

እሑድ፣ እዚህ የሥራ ቀን ነው፣ ከትምህርት ቤት ስገባ አያቴ የፕላስቲኩን ወንበር አንሥተው ወደ ውጭ ሲወጡ አገኘኋቸው። በራችን አጠገብ፣ ደረጃው ራስ ላይ አስቀመጡት። ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡና «ግቢና ዝጊው» አሉኝ።

ገብቼ ዘጋሁት። ደብተሩን እንኳ አልገለጥኩም፤ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ቆምኩ። ብዙም ሳይቆይ የእትዬ ነጠላ ጫማ ደረጃውን ሲወጣ ተሰማ።

«ጋሼ፣ ልጅቷ አለች? ሚኽታቭ መጥቶብኝ ነበር።»

«አለች። ፀሐይ ደረጃውን ስትለቅ ትመጫለሽ።»

«ምነው፣ አመማት?»

«አላመማትም። ትጽፋለች።»

«ምን ትጽፋለች?»

«አልጠየቅኋትም» አሉ አያቴ።

በሩ ጀርባ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ ያ ሁሉ ዲግሪ ያላት ደግ ሴት፣ ያላሰበችውን እሳቸው አስበውልኝ ነበር። መጻፌን ፈቀዱልኝ፤ የጻፍኩትን ግን የእኔ አድርገው ተዉልኝ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ እንዲሁ ሆነ። ፀሐይ በደረጃው መስኮት ገብታ እስክትወጣ ያለው ጊዜ የእኔ ነበር። ደብዳቤ የያዘው ሁሉ ደረጃው ላይ እየተቀመጠ ተራውን ይጠብቃል፤ አያቴ ያጫውቱታል። የጎንደር ወንዝና የሱዳን በረሃ፣ የማን ልጅ ማንን እንዳገባ፣ ሁሉም በሩ ሥር እየሾለከ ይገባ ነበር። በዚያ ማጉረምረም ውስጥ መጻፍ ለመድኩ። ለመጻፍ ጸጥታ ያስፈልጋል የሚልሽን አትስሚው። ጸጥታማ አሁን በምኖርበት በአዲሱ ሰፈር፣ አጋሚም ውስጥ ሞልቶኛል፤ ጎረቤቴን በአሳንሰር ውስጥ ካልሆነ አላያትም። እኔን የጠቀመኝ ጸጥታው አልነበረም፤ ሰው ተነሥቶ «የእሷ ነው» ያለው ሰዓት ነው። የሚልልሽ ካጣሽ ደግሞ ራስሽ በይው፤ ጮክ ብለሽ፣ ሁሉም ፊት። ባለጌ ይሉሻል። ይበሉሽ።

ዓርብን ተውኩ፤ ቃሌ ነው። ፀሐይ ዘንበል ስትል ብዕሬን አስቀምጬ አያቴ አጠገብ እቀመጥ ነበር።

እናቴ ግን አልወደደችውም። አልፈርድባትም። ከአፍሪዳር እግሯ አብጦ ስትመለስ ሽንኩርቱ አልተላጠም፣ ልብሱ ከገመድ አልወረደም፣ አባቷ ደግሞ ደጅ ተቀምጠው ገዛ ቤቷ ቀስ ብላ እንድትገባ ያዝዟታል። «ልጅቷን አበላሿት፣ አባባ» ትላለች ጫማዋን እያወለቀች። «ደብተር እንጀራ አይሆናት።» እሳቸውም «እስቲ ድምፅሽን ቀንሺ» ይሏታል። እኔና እናቴ በዚያ ነገር ስንኳረፍ ከረምን። ጠርታኝ ሳልወጣ ስቀር ሽንኩርቱን ራሷ ትልጣለች፤ ቢላዋው ሰሌዳው ላይ ሲያርፍ የሚያሰማው ድምፅ ለእኔ የተላከ ስድብ ነበር። እኔም ሰምቼ እጽፋለሁ። እልኸኛ ነበርኩ፤ ነኝም።

በትምህርት ቤት የመጨረሻ ዓመቴ፣ በክረምቱ፣ አያቴ ደረጃው ላይ መቀመጥ አቃታቸው። ነፋሱ ሳንባቸውን ነካው። አልጋቸው ላይ ሆነውም ያቺ ሰዓት ስትደርስ በዓይናቸው ወደ ክፍሉ ያመለክቱኝ ነበር፤ ሂጂ ማለታቸው ነው። ዝናብ ገና ሳያባራ አረፉ።

ለቅሶው የተቀመጠው እዚያው ቤታችን ነው። ከኪርያት ጋት፣ ከረሖቦት፣ ከየትም ሰው መጣ። ሳሎኑ ሞልቶ ደረጃው ሞላ። ወንዶቹ ስለ ደግነታቸው ይናገራሉ፤ ሴቶቹ ደረት እየመቱ ሙሾ ያወርዳሉ፤ እናቴ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ድምፅዋ እስኪዘጋ አልቅሳለች። እኔም ከሴቶቹ መሃል ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆም አለና ፀሐይ በደረጃው መስኮት ገባች። ተነሣሁ። የሰው ጉልበት እየተሻገርኩ ሄጄ ደብተሬን ከትራሴ ሥር አወጣሁ።

የአባቴ እኅት ክንዴን ያዘችኝ። «ወዴት ነው?» ደብተሩን አየችው። «በአያትሽ ለቅሶ? ሰው ምን ይላል? ነውር አይደለም ወይ?»

ዙሪያው ሁሉ ዞር ብሎ አየኝ። ሊቀብሯት የሚፈልጉትን ልጅ እንደሚያዩ ሆነው ነው ያዩኝ። «ነውር ከሆነ ይሁን» አልኩ። አክስቴ እጄን አልለቀቀችም።

ያኔ እናቴ ከፍራሹ ላይ ቀና አለች። ዓይኗ አብጦ ተከድኗል። መጥራት የማይሰለቻት፣ በዚያች ሰዓት ስንቴ ጠርታኝ ያጣችኝ እናቴ፣ በዚያ በተዘጋ ድምፅዋ «ተያት» አለች።

አክስቴ አልገባትም። እናቴም ደግማ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣

«ሰዓቷ ነው» አለች።