በሳይክል ሄጄ ያልኩት አሚን

ልጄ ከአረብ አገር ስትመለስ አንድ ቃል ገብታልኝ ነበር፤ እኔ ሳልመርቃት ዳግመኛ እንደማትሄድ። እንደማልመርቃትም ታውቃለች። እዚያ በነበረች ጊዜ ስልኳ በዘገየ ቁጥር እህል አልወርድ ሲለኝ የኖርኩትን አላህ ያውቀዋል። በቃሏ ተማምኜ ነው እንቅልፍ መተኛት የጀመርኩት።

የምንኖርባት የሐይቅ ከተማ ወጣቶች ለችግረኛ ተማሪዎች ደብተርና ልብስ ለማሰባሰብ በቡድን ሳይክል ሊነዱ ሲነሱ፣ ካልመጣሽ ብላ የያዘችኝ እሷ ናት። ልጅ ሳለሁ በኪራይ ሳይክል ስከንፍ የሚያውቁኝ አሉ። ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ ከተዳርኩ ወዲህ ግን መሪ ጨብጬ አላውቅም። ቀሚሴ ካቴናው ውስጥ ቢገባስ፣ ባጃጅ ቢገፋኝስ፣ ሰው ቢስቅብኝስ አልኳት። ለሁሉም መልስ ነበራት። ሳይክል ተውሳ አመጣችልኝ፣ ከቀሚሴ ሥር ሱሪ አስለበሰችኝ። እኔ ፍሬኑን ደጋግሜ ስሞክር፣ የቤቱን ቁልፍ ተመልሼ ሳይ፣ ጎረቤቴ ደጃፏ ላይ ቆማ «ሐጅ ልትሄጂ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ከከተማው እስክንወጣ ጣቴን ከፍሬኑ ላይ አላነሳሁም። ቀስ በቀስ እግሬ አስታወሰ። ወደ ሐይቁ ዳር በሚወርደው መንገድ ላይ ንፋሱ ሻርፔን ወደ ኋላ ወሰደው፤ ሳላስበው ፍሬኑን ለቀቅኩት። ልጄ ከጎኔ ሆና ትስቃለች። የፈራሁት ሁሉ ከየት እንደመጣ ጠፋኝ። እንደዚያ ቀሎኝ የሚያውቀው በልጅነቴ ብቻ ነው።

መድረሻችን አንድ ዋርካ ሥር ነበር። የአካባቢው ሸኽ ከሰዉ ጋር ጠበቁን። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ስብስብ ያለ ዱዓ አይበተንም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እጁን ዘርግቶ አሚን ይላል። ላቤን እየጠረግኩ ተቀመጥኩና እጄን ዘረጋሁ። ሸኹ ለተማሪዎቹ ለመኑ፣ አሚን አልን። ለዝናቡ፣ ለሰላሙ ለመኑ፣ አሚን። ቀጥለው ሸኹ እንዲህ አሉ፦

«የመንገደኛዋን ልጃችንን መንገድ አላህ ያቅናላት፤ የሰው አገር ይቅለላት፤ በሰላም ሄዳ በሰላም ትመለስ።»

ደስታዬ ገና አልበረደምና ከሁሉም በላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አሚን አልኩ። መንገደኛዋ ማን ናት ብዬ ዞር ስል የሰዉ ዓይን እኛ ላይ ነው። ልጄ አቀርቅራለች።

እዚያ የነበሩት ሴቶች መጥተው የእናት ምርቃት ይደርሳል እያሉ ትከሻዬን ሲስሙኝ ገባኝ። የልጄ ቪዛ ወጥቷል፤ ቀኑም ተቆርጧል። ሁሉም ያውቃሉ፤ እኔም የማውቅ መስሏቸዋል።

«አሚን ብለሻል እኮ፣ እማዬ» አለችኝ ቀስ ብላ።

«የሌላ ሰው ልጅ መስላኝ ነው።»

«የሌላ ሰው ልጅ ብትሆንስ እናት የላትም?»

አሚን ያልኩትን ዱዓ እንዴት አድርጌ እመልሰዋለሁ? አይሁን ብል በልጄ መንገድ ላይ ክፉ መመኘት ይሆንብኛል። ይህን እንደምፈራ አውቃ፣ ለሸኹም አስቀድማ ነግራ ነው እዚያ ያስቀመጠችኝ። ልመናው፣ ሱሪው፣ ከጎኔ ሆና መሳቋ፣ ሁሉም ለዚያች አንዲት ቃል ነበር።

በባጃጅ እናድርስሽ ሲሉኝ እምቢ ብዬ በሳይክሉ ተመለስኩ። ከኋላዬ እንደምትከተል ይሰማኛል፤ አልዞርኩም። ዳገቱን እያለቀስኩ ወጣሁት። ጫፉ ላይ ደርሼ ቁልቁል ስለቀቅ ግን ሰውነቴ ደስ አለው። እንባዬ ሳይደርቅ ደስ አለኝ። እኔም ራሴን የከዳሁት መሰለኝ።

ቤት ስንደርስ ቀኑ መቼ እንደሆነ ጠየቅኳት። ነገረችኝ። ከዚያ ሳይክሉን ለባለቤቱ ትመልሰው እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«እሱ ይቆይልኝ» አልኳትና ጓዳ ገባሁ።