በድንች የተጀመረ ነርስነት

ውቢት ደርበው ሁለተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ሳለች ወረርሽኙ መጣና ዳንግላ ያለው ኮሌጇ በሩን ዘጋ። መዝጋቱስ ባልከፋ። የከፋው "ትምህርት አይቋረጥም" የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጥፎ መዝጋቱ ነው። ወረቀቱ ማኅተም አለው፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ደግሞ እኛ አገር አይዋሽም። ስለዚህ ትምህርቱ አልተቋረጠም፤ የተቋረጡት መምህሩ፣ ተማሪው፣ ክፍሉና ታካሚው ብቻ ናቸው።

በዓመቱ ክፍሉ በዙር በዙር ተከፈተ። የሆስፒታሉ ልምምድ ግን "ለተማሪ የሚተርፍ ጓንት የለም" ተብሎ እንደተዘጋ ቀረ። ዙር ያልደረሳት ውቢት ከእንጅባራ በላይ ባለው ደጋ፣ አባቷ ቤት ተቀምጣ መዝገቧን ታገላብጣለች። የነርስ ተማሪ መዝገብ ሦስት ዓምድ አለው፦ ያየሁት፣ የረዳሁት፣ ራሴ የሠራሁት። ሦስተኛው ዓምድ ተሞልቶ ካልተፈረመበት ለመመረቂያው ምዘና መቀመጥ የለም። የውቢት ሦስተኛ ዓምድ፣ መርፌ በሚለው ረድፍ፣ ባዶ ነው።

ኮሌጁ ለዚህም መላ አላጣም። በቴሌግራም አንድ ቪዲዮ ላከ፤ አንዲት የውጭ አገር ነርስ የላስቲክ ክንድ ትወጋለች። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ "ይህን የተመለከተ ሁሉ 'ራሴ የሠራሁት' በሚለው ላይ ይሙላ፤ ፊርማው ከዚህ ይሟላል።" አርባ ተማሪ ሞላ። አርባ ነርስ ከአንድ የላስቲክ ክንድ ተወለደ።

ውቢት አልሞላችም። ጽድቅ ይዟት አይደለም፤ መርፌ ስትይዝ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ቪዲዮ ደግሞ የሚንቀጠቀጥ እጅ አያይም።

"አንቺ ሙዪና ተገላገዪ" አለቻት የክፍል ጓደኛዋ ሸጋ በስልክ። "የላስቲኩ ሰውዬ ይከሰኛል ብለሽ ነው?"

"ነገ ልጇን ያቀፈች እናት ፊት ስቆም ምን ልሆን ነው ሸጋዬ?"

"ነገ እስኪመጣ ምን ሆንሽ?"

የመማሪያ መጽሐፉ በብርቱካን ተለማመዱ ይላል። የጻፈው ሰው እኛ ደጋ ክረምት ከርሞ አያውቅም፤ እዚህ ብርቱካን የሚታየው ሰው ሲታመም ነው። ድንች ግን ሞልቷል። አባቷ አያ ደርበው ለመጪው ወቅት ያስቀመጡት የዘር ድንች በጓሮው ጎተራ፣ በቀርከሃ ቆጥ ላይ ተደርድሯል። ውቢት ከዳንግላ መድኃኒት ቤት የገዛችውን ስሪንጅ በንጹሕ ውኃ እየሞላች፣ አባቷ ማሳ ሲወርዱ ትገባና ትወጋለች። ለክንድ የሚቀርበውን እየመረጠች፣ ትልቅ ትልቁን። በሦስተኛው ሳምንት እጇ ረጋ። በሦስተኛው ሳምንት ድንቹም መበስበስ ጀመረ።

አያ ደርበው አንዱን አንስተው አዩት፤ ጥቃቅን ቀዳዳ፣ ዙሪያው ጠቁሯል፣ ሲጫኑት ውኃ ይተፋል። በጆንያ ይዘው ወደ ቀበሌው የግብርና ባለሙያ ወደ አቶ ምስጋናው ሄዱ። ባለሙያው በስልኩ ካሜራ አጉልቶ ተመለከተ።

"አያ ደርበው፣ ይህ አዲስ ትል ነው። ቀዳዳው ቀጥ ማለቱን አዩት? ትልቅ ትልቁን መርጦ ነው የሚገባው። ወደ ጎረቤት ሳይዛመት ዘሩ ከነቆጡ መቃጠል አለበት፤ ሰኞ መጥቼ አስፈጽማለሁ።"

ሌላ ጊዜ ኔትወርክ የለም የሚለው ሰውዬ ሪፖርቱን የዚያኑ ዕለት ላከ።

አያ ደርበው ቤት ገብተው ጋቢያቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። የዓመቱ ዘር ነው። ውቢት ምሳ አቅርባ አልነካ ሲሉ ጊዜ መዝገቧንና ስሪንጇን አምጥታ እግራቸው ሥር ተቀመጠች።

"አባዬ፣ ትሉ እኔ ነኝ።"

"ምን አልሽ?"

"ቀዳዳው የመርፌ ነው። ስለማመድ ነው። የላይኛውን ቆጥ ብቻ ነው የወጋሁት፤ የታችኛውን አልነካሁትም።"

አያ ደርበው ስሪንጁን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ብርሃን አነሡት።

"ሰው አጥተሽ?"

"አዎ፤ ሰው አጥቼ።"

ፊደል አልቆጠሩም፤ ባዶ ግን ያውቃሉ። ጣታቸውን በባዶው ዓምድ ላይ አሳረፉ። "ይኼስ?"

"ራሴ የሠራሁት የሚጻፍበት ነው። ጤና ጣቢያ ያለችው ሲስተር ሀይማኖት ቆማ እያየችኝ ሰው ስወጋ ነው የሚሞላው።"

በዚያው ሰሞን ለወረርሽኙ የተሠራው ክትባት ለሽማግሌዎች ጤና ጣቢያው ደርሶ ነበር። ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና ሁለት ቀን ሙሉ በአማርኛ ሲለፍፍ ሰነበተ፤ ሰሚዎቹ ግን የአዊኛ ተናጋሪዎች ናቸው። ማንም አልመጣም። መኪናው ግን ግዳጁን ተወጥቷል፤ ነዳጁ ማለቁ ማስረጃ ነው።

በገበያ ቀን አያ ደርበው ፈረሳቸውን ጭነው፣ ለበዓል የሚለብሱትን ለብሰው ከልጃቸው ጋር ወረዱ። የጤና ጣቢያው በር አጠገብ ዛፍ ሥር የተቀመጡት ገበሬዎች በአዊኛ ተቀበሏቸው።

"ደርበው፣ ልትሞት ነው እንዲህ የለበስከው?"

"ብሞት ልብስ መቀየሩ እንዳያደክማችሁ ብዬ ነው" አሉ።

ሲስተር ሀይማኖት ግን "ልጄ ትውጋኝ" ሲሏት ፊቷን ቋጠረች። "ተማሪ ናት አያ ደርበው። ከኮሌጅ ደብዳቤ ይዛለች?"

"አንቺስ ሲስተር፣ ይህን ክትባት እስከ ዛሬ ስንት ሰው ወጋሽ?"

"እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት።"

"እንግዲያው ወይ አንቺ አጠገቧ ቆመሽ በእሷ እጅ እወጋለሁ፣ ወይ ፈረሴን አዞራለሁ።"

ሲስተር ክትባት የሞላውን ሣጥን አየች፣ ባዶውን አግዳሚ ወንበር አየች። ከዚያ ውቢትን ከእጅ መታጠቡ እስከ መርፌው አጣጣል አንድ በአንድ አስወራቻት፤ አንዱንም አልሳተች። ጓንት ሰጠቻትና አጠገቧ ቆመች። የውቢት እጅ አንድ ጊዜ ብቻ ተንቀጠቀጠ፤ የአባቷን ክንድ ስትይዝ። መርፌው ሲገባ ረግቶ ነበር።

"ድንቹንም እንዲህ ነበር የምትይዢው?" አሉ አያ ደርበው።

"እሱን ጠበቅ አድርጌ ነው።"

መመሪያው የተከተበ ሰው ግማሽ ሰዓት ይቆይ ይላል። ዛፍ ሥር ያሉትም ደርበው ይሞት እንደሆን ለማየት ግማሽ ሰዓት ቆዩ። በዚህ ወረርሽኝ መመሪያና ሕዝብ የተስማሙት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አያ ደርበው ሳይሞቱ ተነሡ። አየነው የሚባሉት ጎረቤታቸው እጅጌያቸውን እየጠቀለሉ ገቡና ውቢትን በአዊኛ ሲጠይቋት በአዊኛ መለሰችላቸው፤ ከእሳቸው ኋላ ሌላው፣ ከሌላው ኋላ ሌላው ተከተለ። ሲስተር ሀይማኖት ማምሻውን ረድፉን እስከ ታች ፈረመች።

ሰኞ አቶ ምስጋናው የማቃጠያውን ትእዛዝ ይዞ ሲመጣ አያ ደርበው በር ላይ ጠበቁት። "ትሉን ይዤዋለሁ። ጤና ጣቢያ ሰው እየከተበች ነው።"

"ሪፖርቱ እኮ ሄዷል" አለ ሰውዬው፤ ከልቡ አዝኖ።

ትእዛዙ ላይ "ተቃጥሏል" ተብሎ ተጻፈ፤ የላይኛው ቆጥ ድንች ተጣለ፣ የታችኛው ተዘራ። ውቢት ለምዘናው ልትሄድ ስትነሣ አባቷ መዝገቡን አንብቢልኝ አሏት። ሦስተኛው ዓምድ፣ መርፌ፣ የታካሚ ስም፦ ደርበው። ቀጥሎ አየነው።

"ከእኔ በፊት ማንም የለም?"

"የለም አባዬ።"

"ድንቹስ?"

"ድንች አይጻፍም።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "የሞተልሽ እሱ፣ የተጻፍኩት እኔ።"