ካፒቴኑ ካፊሏ ነው ወይ?

ድርሰቴ የተወለደው ከሪሞት ጠብ ነው። አረብ አገር፣ አል ዐዚዚያ፣ ባሕሩ አጠገብ ባለ ቤት ሠራተኛ ሳለሁ፣ የማዳም ወንድና ሴት ልጅ ከሰዓት በኋላ ቴሌቪዥኑን ይነጣጠቁ ነበር። እሱ ባዶ ሰማይ ላይ መንገድ የጠፋበትን የጠፈር መንኮራኩር ማየት ይፈልጋል፤ እሷ ደግሞ ማሽን ከዘመኗ አውጥቶ የወረወራትን ልጅ። ጣቢያው በየደቂቃው ይቀያየራል። እኔ ልብስ እየተኮስኩ፣ አንድ ዓይኔን ካውያው ላይ አድርጌ፣ ሁለቱን እንደ አንድ ፊልም አየኋቸው። ልጅቱ ከዘመኗ ወድቃ መንኮራኩሩ ላይ ያረፈች መሰለኝ። አረብኛዬም ያኔ «ጂቢ» እና «ሩሂ»፣ አምጪና ሂጂ፣ ከሚሉት አያልፍም።

ያየሁትን ለጎረቤቴ ነገርኳት። ከግንቡ ወዲያ ያለው ቤት ውስጥ በሠራተኝነት የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት፤ ልብስ ስናሰጣ ጣሪያ ላይ እንገናኛለን። የልብስ መቆንጠጫዎቹን ቅርጫት ውስጥ አታስቀምጥም፤ ቀሚሷ ጫፍ ላይ ዙሪያውን ሰክታ እንደ ጥልፍ ቀሚስ ትንጎራደድበታለች። «ታዲያ ልጅቱ አገሯ ገባች?» አለችኝ። በማግስቱ ልጆቹን ብጠይቃቸው ሆዳቸውን እስኪያማቸው ሳቁብኝ፤ ለካ ሁለት የማይተዋወቁ ፊልሞች ናቸው። እውነቱን ስነግራት ጎረቤቴ «ማን ጠየቀሽ? ኸላስ፣ በቃ፣ ቀጥዪ» አለችኝ። ቀጠልኩ።

የመጀመሪያው ኅትመት እንግዲህ በአፍ ነበር፣ በግንብ ላይ። ሁለተኛው ለእሷ በምልከው የስልክ መልእክት፤ ስልኬ አማርኛ መጻፍ ስለማይችል በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ጣቴ እስኪዝል። ሦስተኛውን ያወጣው ቱቅባ ሠፈር ውስጥ አንድ ክፍል ከብዙ ሰው ጋር ተደራርቦ የሚኖረው የጎረቤቴ የአክስት ልጅ ነው። መልእክቶቹን ወደ ፊደላችን መልሶ ፌስቡክ ላይ፣ የአበሻ ሠራተኞች ገጽ ላይ ለጠፋቸው። ስሜን እንዳያወጣ ለምኜዋለሁ፤ ማዳም ብትሰማ ሌላ ሙሽኪላ ነው።

አንባቢ ደግሞ አይቻልም። እኔ ስለ ከዋክብት ስጽፍ እነሱ ስለ መንኮራኩሩ አዛዥ «ካፒቴኑ ካፊሏ ነው ወይ?» ይሉኛል፤ ቪዛ ያወጣላት፣ ያለ ፈቃዱ የማትወጣበት አሠሪዋ ማለታቸው ነው። «የመኖሪያ ኢቃማ ሳይኖራት እንዴት ተሳፈረች?» «ፓስፖርቷን ማን ያዘው?» በየመን በኩል በረሃ አቋርጦ በእግሩ የመጣ አንድ ልጅማ «ያን ሁሉ መንገድ ውኃ ሳይዙ?» ብሎ ተቆጣኝ። መጀመሪያ ላይ ተናደድኩ። ቀስ በቀስ ግን ካፒቴኑ የመውጫውን በር ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ይዞ መዞር ጀመረ። ምን ላድርግ፣ የሚያነቡት እነሱ ናቸው።

ጎረቤቴ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ልጅቱ አገሯ ትገባለች ወይ? የራሷ ውል ካለቀ ቆይቷል፤ ካፊሏ ኹሩጁን፣ የመውጫ ፈቃዱን፣ «ቡክራ፣ ቡክራ» እያለ ከነገ ወደ ነገ ያመላልሳታል። «አንቺ እሷን አስወጪልኝ፣ እኔ ለራሴ አላንስም» ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ደራሲነት ተሰምቶኝ፣ ቶሎ የሚፈታ ታሪክ አይጥምም እላታለሁ። ደክሞኝም ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው ቤት ስጠርግ ውዬ በር የምከፍትበት ጉልበት ከየት ይምጣ?

አንድ ቀን ጣሪያው ላይ ሌላ ሴት ልብስ ስታሰጣ አገኘሁ። «የበፊቷስ?» ብላት «ሁሩብ» አለችኝ፤ ካፊሏ ጠፍታለች ብሎ ለፖሊስ አመልክቶባታል ማለት ነው። ስልኳ ዝግ ነው። የአክስቷ ልጅም አላያትም። በፈረንጆቹ 2013 መጨረሻ ወረቀት የሌላቸው ሠራተኞች አፈሳ ሲመጣ እሱም ተይዞ አገሩ ገባ፤ ገጹም ዝም አለ። እኔም ታሪኩን ተውኩት። ልጅቱ የተቆለፈው በር ፊት ቆማ ቀረች። ለማን ብዬ ልጻፍ?

አውሮፕላኖቹ የታፈሰውን ሰው ገና አገር ቤት እያመላለሱ ሳለ፣ ገጹ ላይ የመጨረሻ ምዕራፍ ተለጥፎ አየሁ፣ የጻፈው ሰው ስም የሌለበት። አነበብኩትና በገንኩ። ካፒቴኑ ያለቅሳል፤ የእኔ ካፒቴን አያለቅስም። በሩ እንዴት እንደተከፈተ እንኳ አልተጻፈም፤ ተከፈተ ይላል፣ በቃ። ልጅቱ ወጥታ እናቷ ደጅ ትደርሳለች። እናቷ አገላብጣ ከሳመቻት በኋላ ከላይ እስከ ታች ታያትና «ይሄ ቀሚስሽ ላይ የሰካሽው ምንድን ነው?» ትላታለች። የልብስ መቆንጠጫ ነው፣ ዙሪያውን።

መቆንጠጫውን እኔ ጽፌው አላውቅም፤ ከጣሪያው ላይ ከእሷና ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም። ካውያውን አቁሜ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። ከላይ ማዳም ስትጣራ ተነሣሁ። ምዕራፉ እንደ ነገሩ የተጻፈ ነው፤ አላረምኩትም። ጎረቤቴ አገሯ ገብታለች።