የሊማሊሞው ሥዕል እንዳያልቅ

ሰሞኑን የጎረቤቴ ልጅ የግቢውን በር ቀለም ሲቀባ የአኳራጁ ሽታ አጥሩን ዘልሎ መጣና ሰነፈጠኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ራሴን አመመኝ ይላል። እኔ ግን ልቤ ነው ድንግጥ ያለው። ተነሥቼ ግቢውን ዞርኩ፣ ተቀመጥኩ፣ ደግሞ ተነሣሁ፤ ምን እንደምፈልግ አላውቅም። ይህ ሽታ እንዲህ ነው የሚያደርገኝ። በደርግ ጊዜ አንድ ሰዓሊ ቤታችን ተከራይቶ ነበር፤ ቀለሙን የሚያቀጥንበት አኳራጅ ከጠርሙሱ በጎደለ ቁጥር ባሌም አብሮ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር።

ብሔራዊ ውትድርና የታወጀ ሰሞን ነው። ከሲሳይ ጋር ከተጋባን ዓመት አልሞላንም፤ ደባርቅ ከገበያው በላይ ሁለት ክፍል ቤት ነበረችን። አፈሳው ከዳባት ጀመረ። በገበያ ቀን እንኳ ጎረምሳ ጠፍቶ በግ የሚጎትቱት ሴቶችና ሽማግሌዎች ብቻ ሆኑ ተባለ። እኛም ከተማ ውሻ በጮኸ ቁጥር ወንዱ በጓሮ አጥር ይዘል ነበር። ሲሳይ ግን አይዘልም። አንደኛዋን ክፍል ያከራየነው ለፈረንጅ ነበርና።

ሰውየው ያን ይባላል፤ የሆላንድ ሰዓሊ ነው። አዲስ አበባ ጥቂት ዓመት አስተምሯል፤ አማርኛውንም የለቃቀመው እዚያ ነው። ወደ ተራራው ዘልቆ እንዳይገባ ተከልክሎ፣ ከተማው አጠገብ ሊማሊሞ ገደል አፋፍ ላይ ሆኖ ብቻ እንዲሥል ተፈቀደለት። ሲሳይ እንግሊዝኛ ስለሚሞክር ረዳቱ ሆነ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ቤታችን ድረስ መጥቶ እቅጩን ነገረን።

«የመንግሥት እንግዳ ነው፤ እስኪሄድ ድረስ ረዳቱን ማንም አይነካውም። የሄደ ዕለት ግን ሲሳይ፣ ተራህ ነው።»

ማታውኑ ሰዓሊውን ጠየቅሁት። «መቼ ነው የሚሄዱት?»

«ሥዕሉ ሲያልቅ» አለኝ።

በቃ፣ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም።

ድንች ቀቅዬ በሚጥሚጣ ሳቀርብለት ደስ ይለዋል፤ በአገሩም የሚበሉት ድንች ነው አሉ። እየላጠ አገሩን ያወራልናል። መሬቱ ሜዳ ነው፤ ከላይ ደመና፣ ከታች ውኃ፣ ኮረብታ የሚባል የለም። ሰዓሊዎቻቸው ከጥንት ጀምሮ ፀሐይና ተራራ ፍለጋ ወደ ደቡብ አገሮች ይሰደዳሉ። አንዳንዱ በሄደበት ይቀራል፤ የተመለሰውም ደመናው ሥር ተቀምጦ ያንኑ ፀሐይ ሲሥል ይኖራል። ሲሳይ አፉን ከፍቶ ይሰማል። እኔ በሆዴ፣ ተራራ የሌለው አገር ጎረምሳውን የት ይሆን የሚደብቀው እላለሁ።

ምሳቸውን የማመላልስላቸው እኔ ነበርኩ። ሥዕሉ የተጀመረው መስከረም ላይ ነው፤ ከገደሉ ወዲህ ያለው ገብስ ያኔ አረንጓዴ ነበር። ጥቅምት አጋማሽ ላይ አንድ ቀን በሶ ይዤላቸው ስደርስ ሰዓሊው ብሩሹን ሲያጥብ አገኘሁት።

«ጨረስኩ መሰለኝ» አለኝ።

በሶውን መሬት አስቀመጥኩ። ሸራውን አየሁት፤ ገደሉ ከነጭጋጉ ቁጭ ብሏል፣ በማርያም፣ እንኳን ሰው ጭላዳ ዝንጀሮ ያታልላል። ዞር ብዬ ማሳውን አየሁ።

«ምኑ አለቀ ጌታዬ? እርስዎ የሣሉት ገብስ አረንጓዴ ነው። ይኸው ቢጫ ሆኗል እኮ!»

ማሳውን አየ፣ ሸራውን አየ። «ልክ ነሽ እናንዬ። አንቺ ዓይን አለሽ» ብሎ ቀለሙን በቢላ ይፍቀው ጀመር። ዓይን! እኔ ጭንቀት እንጂ ምን ዓይን ነበረኝ።

ቢጫውን ሲጨርስ አጨዳ ደረሰ። «ገብሱ ታጨደ እኮ» አልኩት። ነዶውን ሲሥል ነዶው ተነሥቶ አውድማ ገባ። ጭጋጉ በዛ፣ ያ ዛፍ ዘመመ፣ ሰማዩ ገረጣ እያልኩ ኅዳርን ገፋሁት። ሲሳይ ያየኛል። ገበያ ስወጣ ልጆቻቸው የታፈሱባቸው እናቶችም ያዩኛል፤ ፊቴን የማዞርበት አጣሁ። ወጥ ጥጄ እረሳለሁ፤ መኪና ባለፈ ቁጥር ወደ በር እሮጣለሁ። እናቴ ከደረስጌ ልትጠይቀኝ መጥታ «ምነው ልጄ፣ እሾህ ላይ የተቀመጥሽ መሰልሽ?» አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት?

ታኅሣሥ ሲገባ ማሳው ባዶ መሬት ሆነ፤ የሚለወጥ ነገር አልቀረም። ሰዓሊው ሸራውን ቤት አምጥቶ ግድግዳ ላይ አስደገፈውና «እንዴት ነው?» አለን። ሰማዩ ገና ነው ልል አፌን ስከፍት ሲሳይ ቀደመኝ። ጠጋ ብሎ ብዙ ቆሞ አየው።

«አልቋል» አለ። «እጅዎ ይባረክ።»

«አላለቀም!» ብዬ ጮህኩ። «ሲሳይ፣ አላለቀም በል!»

«አልቋል እናንዬ።»

ሰዓሊው በማግስቱ የጎንደሩን መኪና ተሳፈረ። ሲሳይን በሳምንቱ ወሰዱት፤ ወደ ሰሜን ግንባር ሄደ። እኔ ቀበሌውንም ፈረንጁንም አልረገምኩም፤ የረገምኩት ባሌን ነው። ለሥዕል ብሎ ሚስቱን የሚጥል ወንድ የት ታይቶ ያውቃል? ስንት ዓመት በዚህ ተቃጠልኩ።

ደርግ ሲወድቅ መጣ። በእግሩ፣ ከስቶ፣ አንድ ጆሮው ደንቁሮ። እግሩን አጥቤው፣ እህል አቅርቤለት፣ ገና ሳይጠግብ ያንኑ ጠየቅሁት።

«ለምንድን ነው አልቋል ያልከው?»

«የሰዓሊው እናት ታማ ነበር» አለኝ። «አፋፉ ላይ ሆነን ነገረኝ። ሥዕሉን ሳልጨርስ አልሄድም ይላል። አንቺ አላለቀም ባልሽው ቁጥር እሱ ይፍቃል፤ እሷ አልጋ ላይ ሆና ልጇን ትጠብቃለች።»

«ታዲያ ለእኔ አትነግረኝም ነበር?»

«ብነግርሽ ትለቂው ነበር?»

እህል ልጨምርለት ተነሣሁ።

አሁን ሁለታችንም አርጅተናል። ይህን ታሪክ የሰማ ሁሉ «ደግ ባል ነው የሰጠሽ» ይለኛል። ደግስ ደግ ነው፤ የደግ ሰው ሚስት መሆን ምን እንደሚመስል ግን ማን ጠይቆኝ ያውቃል? አንዳንዴ ያቺ ሴት ልጇን በሕይወት አግኝታው ይሆን ብዬ አስባለሁ፤ አግኝታው ቢሆን ደስ ይለኛል። ወዲያው ደግሞ ንዴቴ ይመለሳል። ሲሳይ ፀሐይ ሲሞቅ በደህናው ጆሮው በኩል እጠጋና ያኔ ያልመለስኩለትን እመልስለታለሁ።

«አልለቀውም ነበር! የእሱን እናት ሌላ ልጇ ያስታምማት። እኔ ያለኝ አንተ ብቻ ነበርክ።»

እሱ ይስቃል። እኔ ግን የምሬን ነው።