ጢሜን ያዩት ሽማግሌ

ታላቅ እህቴ ሮም ውስጥ፣ ፒኜቶ በሚባል ሰፈር፣ አንዲት ጣሊያናዊት አዛውንት ትንከባከብ ነበር። ሲኞራ ነው የምንላቸው። በወጣትነታቸው ቫኑዋቱ በሚባሉ ሩቅ ደሴቶች አስተምረዋል። ሳይሞቱ ደሴቶቹን አንዴ ሊያዩ ይፈልጉ ነበር፤ እህቴም ይዣቸው እሄዳለሁ ብላ ነበር። ትኬቱ ከተቆረጠ በኋላ ታመመች። ሞተች። በእሷ ቦታ እኔ ሄድኩ።

እናቴ አልሰማችም። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ አዲስ አበባ ያለው አጎቴ በጠዋት ሰው ይዞ ሊነግራት ይገባ ነበር። እኔ ግን "ትንሽ ቆይ" እያልኩ አስቆየሁት። ለምን እንደሆነ... እንጃ። ለሐዘን ጢሜን አሳድጌያለሁ፤ ካየችኝ ታውቃለች። ስትደውል ካሜራው ተበላሽቷል እላታለሁ። "እህትህስ?" ስትለኝ፣ "ሥራ ላይ ናት።"

ሁለት ቀን በአውሮፕላን ሄድን፤ ከዚያ በጀልባ። ሲኞራ ክንዴን ጨብጠው፣ "እህትህ ብትሆን እስካሁን አስመልሷት ነበር" አሉኝ። ሳቅን። እውነታቸውን ነው፤ አውቶቡስ እንኳ ያዞራት ነበር።

መንደሩ ውስጥ ሴቶቹ የተፈቀፈቀ ሥራ ሥር በቅጠል ጠቅልለው በጋለ ድንጋይ ይጋግራሉ። የኮኮናት ወተቱ ባይኖርበት ቆጮ በሆነ። እየበላሁ ሳለ ጢማቸው የረዘመ ሽማግሌ መጡ። የእኔን ጢም አዩ፤ የራሳቸውን ነካ አድርገው ለሲኞራ በቋንቋቸው አንድ ነገር አሉ።

"ማን ሞተብህ ይሉሃል" አሉኝ ሲኞራ። "እዚህ ወንድ ሐዘን ሲደርስበት መቶ ቀን አይላጭም። እሳቸው ሚስታቸው ናቸው የሞቱባቸው።"

ሮም ሥራ ቦታ "መቼ ነው የምትላጨው?" ነበር የሚሉኝ።

"እህቴ" አልኩ።

ሽማግሌው አጠገቤ ተቀመጡ። ሲኞራ መሃላችን ሆነው ያስተረጉማሉ።

"ስንት ቀን ሆናት?"

"ሠላሳ አንድ።"

"እናታችሁስ እንዴት ሆነች?"

ምግቤን አስቀመጥኩ። ሲኞራ ያውቃሉ፤ ወደ ሽማግሌው አመለከቱኝ። "ንገራቸው እንጂ፣ ልጄ።"

"አልሰማችም።"

ሽማግሌው ቆጣ አሉ። "ልጇ አይደለችም እንዴ? ለምን እንዳታለቅስላት ከለከልካት?"

ሮም እንደገባን ለአጎቴ ደወልኩ።

"አሁን ገና! አርባዋ ሳይደርስ" አለኝ። "ነገ በጠዋት ከጎረቤቶቹ ጋር እንገባለን። ስልክህን እንዳትዘጋ።"

በማግስቱ እናቴ ራሷ ደወለች። ካሜራውን ከፈትኩት። ከኋላዋ ሰው ሞልቷል።

"ማን ነበር አጠገቧ?" አለችኝ።

"እኔ ነበርኩ፣ እማዬ።"

"እጇን ይዘሃት ነበር?"

"ይዣት ነበር።"

"እስቲ እጅህን አሳየኝ።"

ወደ ስልኩ አስጠጋሁላት።