ማንም ያላመነው የቬራ ፎቶ

ቬራ ፒን የዓሣ ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ ዕድሜዋን ቢላ ይዛ የኖረች ሴት ናት። ከዚያ ወዲህ ከእጇ የማይለየው ካሜራ ነው። ካናዳ ውስጥ ኒውፋውንድላንድ ዳርቻ ላይ ላለችው መንደራችን የፌስቡክ ገጽ ከፈተችና ማን እንደሞተ፣ የማን ጀልባ እንደገባ፣ ተንሳፋፊው በረዶ የት እንደደረሰ ታሳይ ጀመር። ለሥራ የካናዳ ሌላ ጫፍ ድረስ፣ አልበርታ የሄዱት ልጆች አገራቸውን የሚያዩት በእሷ ዓይን ነበር።

ኋላ ግን ገጹን ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚፈበርከው የማሽን ሥዕል ወረረው። ባሕራችን ላይ ኖሮ የማያውቅ የመብራት ማማ፣ የነጭ ድብ ግልገል ያቀፈች ሕፃን፣ ምኑ ቅጡ። ባለፈው ክረምት ደግሞ አንዱ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው የጀልባ ማቆሚያችን በማዕበል ሲፈርስ የሚያሳይ ሥዕል ለጠፈ። አልበርታ ያሉት ልጆች «ቤተሰቦቻችን አለቁ» ብለው ተሸበሩ፤ ማቆሚያው ግን ንቅንቅ አላለም። ከዚያ በኋላ ቬራ የገዛ ድመቷን ብትለጥፍ እንኳ ከሥሩ «የማሽን ነው» የሚል አይጠፋም።

ትናንሽ ዓሦች ወደ ዳር በሚጎርፉበት ሰሞን፣ አንድ ማለዳ ማቆሚያው ላይ እንደቆመች ውሃው ከእግሯ ሥር ጠቆረ። ዓሣ ነባሪ ነበረች፣ ያውም ከነግልገሏ። ቬራ እንዲህ ቀርባ አይታ አታውቅም። ፎቶ አነሳቻትና ወዲያው ገጹ ላይ ለጠፈች። ቀድሞ የመለሰላት ከኮረብታው ማዶ የሚኖረው የባሏ ወንድም ሂዩበርት ነው፤ ይሄም የማሽን ነው፣ ግልገሉንማ አበዙት ብሎ ጻፈ።

ቬራ ደሟ ፈላ። ደወለችለት።

«ሂዩበርት፣ ተነስና ውረድ። እዚሁ እግሬ ሥር ናት።»

«ቬራ መሆንሽን በምን አውቃለሁ? ድምፅም ይሠራሉ አሉ።»

«በሰርጌ ቀን ሰክረህ ኬኬ ላይ የተቀመጥከውንም ማሽኑ ነግሮኝ ነው በላ።»

ሂዩበርት ስልኩን ሳይዘጋ ተነሳ። ቀጥሎ በሩ ሲበረገድ ተሰማት።

እሷም መኪናዋን አስነስታ ክላክሱን ሳትለቅ መንደሩን ዞረች፤ ብቅ ላለው ሁሉ ኑ በዓይናችሁ እዩ አለች። ስትመለስ ማቆሚያው በሰው ተሞልቷል፤ ሂዩበርት በቤት ጫማው ጠርዙ ላይ ቆሟል። ዓሣ ነባሪዋ ብቅ ብላ ውሃ እፍ ስትልበት ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ራሰ። ሰውዬው ፊቱን እየጠረገ በሳቅ ፈረሰ።

«ኧረ ትሸታለች» አለ። «ማሽን አይሸትም።»

ቬራ እዚያው አንድ ሐሳብ መጣላት። ከእንግዲህ በገጹ የሚወጣ ፎቶ ሁሉ፣ ነገሩን በዓይኑ ያየ ሌላ የመንደሩ ሰው ስሙን ካልጻፈበት እንደማታሳልፈው ተናገረች። ሂዩበርት በረጠበ ጣቱ ከፎቶው ሥር ጽፎ የመጀመሪያው ምስክር ሆነ፦ «ሂዩበርት ፒን። አይቻለሁ፤ ረጥቤያለሁም።» አልበርታ ያሉት ይህን ሲያነቡ በየእናታቸው ስልክ ይደውሉ ጀመር፤ ማቆሚያው ላይ በየእጁ ስልክ ጮኸ።

በማግስቱ ቬራ ቁርሷን ሳትጨርስ ተደወለላት። አንዲት የላይኛው ሰፈር ሴትዮ ናት፤ ጓሮዋ አጋዘን ገብቶ ጎመኗን እየበላ ነው፤ ፎቶውን አንስታለች፣ ምስክር አጥታለች። ቬራ ዳቦዋን በጥርሷ እንደያዘች ወደ መኪናዋ ሮጠች።